ቶፉ የሚጣፍጠው በበርበሬ ብዛት አይደለም

ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራው አይብ መሰል ምግብ፣ ለጎንደር የጾም ማዕድ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው አንብቦታል። ጸሐፊዋ ያልጣማቸውን ነገር ሳይሸፋፍኑ መጻፋቸው መልካም ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ቶፉውን ያለ ጥፋቱ የሚኮንን ነው። ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቶፉ ጣዕም ስለሌለው በርበሬ በእጥፍ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን አዋዜ ውስጥ ማደር አለበት፤ መጥበሻ ላይ እየተጣበቀ ስለሚፈርስ ዘይት ውስጥ ካልሰመጠ አይጠበስም፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ እንደ ሥጋ አንድ ሰዓት መንተክተክ አለበት፤ የአኩሪ አተር ሽታው አይለቅም፤ የሚያረጋው ነገርም እዚህ ስለማይገኝ ቤት ውስጥ መሥራት አይሞከርም። ከስድስቱ በከፊል እውነት ያለው የሽታው ጉዳይ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመጡት ውሃውን ሳያስወጡ ወደ እሳት ከመቸኮል ነው።

በበርበሬው እንጀምር። ከቶፉ ክብደት ሦስት አራተኛውና ከዚያም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። የበርበሬ ቀለምና ቃና ደግሞ በአብዛኛው የሚሟሟው በዘይት ነው። ውሃ ባቆረ ቁራጭ ላይ በርበሬ ሲከመር ላዩ ይቀላል፣ ውስጡ ነጭና ባዶ ሆኖ ይቀራል። የሚበላው ሰው መጀመሪያ ቃጠሎውን ያገኛል፤ ከነከሰው በኋላ ምንም የለም። በርበሬው በእጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ቃጠሎው ነው፤ ባዶነቱ እዚያው ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊገባ የሚችለው ጨው ነው፤ ጨው በውሃ ይሟሟልና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጨው፣ ማጠንፈፍ፣ እሳት፣ በመጨረሻ ቅመም ነው። ጸሐፊዋ ቅመሙን ከፊት አምጥተው ጨውን ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨምረዋል፤ ያ ጨው መረቁን ያጣፍጣል እንጂ ቶፉው ዘንድ አይደርስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 400 ግራም ጠንካራ ቶፉ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ መጠን ይቆረጥ። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙበት፤ ከእሳት አውርዱና ቁራጮቹን ለ15 ደቂቃ ንከሩበት። ውሃ የበዛበትን ነገር መልሶ ውሃ ውስጥ መክተት ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሙቀቱ ግን ፕሮቲኑን ያጠብቀዋል፤ ፕሮቲኑ ሲጠብቅ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ ጨውም እግረ መንገዱን ይገባል። ከዚያ አውጥታችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፣ ሌላ ጨርቅ አልብሱትና 20 ደቂቃ ይጠንፈፍ። በጣት ሲነካ እርጥበት የማይተው ከሆነ ደርሷል። በበጋ የጎንደር ደረቅ አየር ራሱ ያግዛል። ፍልሰታ የሚጾመው ግን በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁን አንድ ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል።

በጨው ውሃ መንከሩ የማይመች ከሆነ መጫን ነው። ቶፉውን ሳትቆርጡ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጡት፤ በላዩ ሌላ ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ። ክብደቱ 2 ኪሎ ነው፤ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲነሣ ከሥሩ ያጠራቀመውን ውሃ ታያላችሁ። ከዚያ በላይ የከበደ ነገር ከጫናችሁበት ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲቆረጥም ይበተናል። የተጫነ ቶፉ ጨው ስላልገባበት፣ ከተቆረጠ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ ይቆይ፤ የሚያወጣውን ውሃ በጨርቅ አንሱለት።

አዋዜ ውስጥ ማሳደሩ ለምን አልሠራም? ጸሐፊዋ የተጠቀሙት በዘይት የተበጠበጠ አዋዜ ነው። ዘይት ውሃ ወዳቆረ ነገር አይገባም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይ ያው ላዩ ላይ ነው። በውሃና በሎሚ የቀጠነ አዋዜ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ለዚያ ደግሞ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን በማግሥቱ ነው። አዋዜ የተቀባ ቁራጭ ትኩስ ዘይት ላይ ሲያርፍ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ቶፉው ገና ሳይነካ ያርራሉ። ጽሑፉ ላይ የቶፉ ምሬት ተብሎ የተነገረው የተቃጠለ በርበሬ ምሬት ነው። ቶፉ አይመርም።

አዋዜው መምጣት ያለበት ከጥብሱ በኋላ ነው። የተጠበሰው ገጽ ውሃውን ስላጣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ትኩስ እያለ የሚፈስበትን ይጠጣል። ለ400 ግራም አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፤ ይህ ይበቃል። ጨው ቀድሞ ስለገባ እዚህ ላይ ቆንጠር ብቻ።

አሁን ስለ መጣበቁ። እርጥብ ቶፉ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ብረቱን ያቀዘቅዛል፣ ፕሮቲኑም ብረቱን ይይዛል። በዚህ ላይ ሰው ፈርቶ ወዲያው በማንኪያ ሲቆሰቁሰው የተያዘው ገጽ ከሥሩ ተገንጥሎ ይቀራል፤ የመፍረሱ ምክንያት ይኸው ነው። መፍትሔው ዘይት ማብዛት አይደለም። ወፈር ያለ የብረት መጥበሻ፣ ቡና የሚቆላበትም ብረት ምጣድ ቢሆን ከቡናው ሽታ በደንብ ከታጠበ፣ ያለ ዘይት ሁለት ደቂቃ ይሙቅ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። አንድ ቁራጭ ስታስቀምጡ ወዲያው መንጫጫት አለበት፤ ዝም ካለ መጥበሻው አልሞቀም፣ ዘይቱ ከጨሰ ደግሞ አልፏል። ቁራጮቹ አይነካኩ፤ 400 ግራም በአንድ መጥበሻ የማይበቃው ከሆነ ሁለት ዙር ይሁን። ከዚያ ለአራት ደቂቃ እጃችሁን ሰብስቡ። የታችኛው ገጽ ወርቃማ ሲሆን ራሱ ብረቱን ይለቃል፤ መጥበሻውን ነቅነቅ ስታደርጉ ከተንሸራተተ ማገላበጥ ነው፣ ካልተንሸራተተ አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ሁለቱን ሰፊ ገጽ ማቅላት ይበቃል፤ ስድስቱንም ጎን ለማድረስ የሚታገል ሰው መጨረሻው ደረቅ ነገር መብላት ነው።

ጠርዙ እንዲንኮሻኮሽ የሚፈልግ ከመጥበሱ በፊት አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ወይም ያልተቀመመ የሽንብራ ዱቄት ይነስንስበት። ምጥን ሽሮ ግን አይሆንም፤ ውስጡ ያለው በርበሬና ቅመም ያርራል። ዱቄቱ የሚነሰነሰው ልክ ወደ መጥበሻው ሲገባ ነው። አስቀድሞ ከተነሰነሰ እርጥበት ስቦ ሊጥ ይሆናል።

ጥብሱን ለመጨረስ የተጠበሰውን ቶፉ አውጥታችሁ በዚያው ዘይት ሁለት ራስ ሽንኩርት በትልልቁ ቆርጣችሁ በኃይለኛ እሳት ሦስት ደቂቃ አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይከተል፤ ቶፉው ይመለስ፤ አዋዜው ይፍሰስበትና ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ መረቁ ሲወፍር ቃሪያ ጣል አድርጋችሁ አውርዱ። ቲማቲም የሚጨምር ሰው ከሽንኩርቱ ጋር ቀድሞ አብስሎ ውሃውን ያድርቀው፤ መጨረሻ ላይ የገባ ቲማቲም በድካም የተገኘውን የተንኮሻኮሸ ገጽ ባንድ ደቂቃ ያለሰልሰዋል።

ወጡን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሥጋ ረዥም ሰዓት የሚንተከተከው በጡንቻው መካከል ያለው ጅማት ቀልጦ እንዲለሰልስ ነው። ቶፉ ጅማት የለውም። አንድ ሰዓት ቢፈላ የሚያተርፈው መጠንከርና እንደ ጎማ መሳብ ነው፤ ጸሐፊዋ ያማረሩበትም ይህንኑ ነው። ረዥም ሰዓት የሚያስፈልገው ቁሌቱ ነው። ለ400 ግራም ቶፉ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍ፤ የፎገራ ቀይ ሽንኩርት ለዚህ ጥሩ ነው። ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ብቻ 15 ደቂቃ ይብሰል፤ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ቀጥሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይግባና እሳቱ ቀንሶ እንዳያርር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ 400 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ። መረቁ ዘይቱን ሲያወጣ የተጠበሰው ቶፉ ይገባል፤ 10 ደቂቃ በዝግታ። መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከድኖ ማውረድ፣ እንጀራው እስኪቀርብ ሩብ ሰዓት ማሳረፍ። ቶፉው መረቁን በብዛት የሚጠጣው በዚህ በማረፊያው ሰዓት ነው። በፍስኩ ጊዜ ከዘይቱ ግማሹን በንጥር ቅቤ ብትተኩት ይበልጥ ያምርበታል።

ለወጥ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ ጽሑፉ አላነሣውም። ቶፉውን ውሃውን አጠንፍፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ፕሮቲኑን ገፍቶ ቀዳዳ ያበጅለታል። በማግሥቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ በሁለት መዳፍ መሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጨምቁት ውሃው ይንዠቀዠቃል፣ ቶፉው ግን ቅርጹን ይዞ ይመለሳል። ይህን ሳትጠብሱትም ቁሌት ውስጥ ብትጨምሩት መረቁን እስከ መሃሉ ይስባል። በረዶ ሲሆን ቢጫ ይመስላል፤ የመበላሸት ምልክት አይደለም፣ ሲቀልጥ ይነጣል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ግን ዳግም አይቀዝቅዝ፤ ያኑ ዕለት ይበሰል።

ሽታው ላይ ጸሐፊዋ በከፊል ልክ ናቸው። አኩሪ አተር በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈጭ የጥሬ ጥራጥሬ ሽታ ያመጣል፤ ያ ሽታ አንዴ ከመጣ በማፍላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ትክክል የማይሆነው ሽታው ከፍሬው ጋር የተፈጠረ ነው ማለታቸው ነው። ሽታው የሚወለደው ፍሬው በሚፈጭበት ቅጽበት ነው። ፍሬው ሲሰበር በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከራሱ ዘይትና ከአየር ጋር ይገናኛል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሽታውን ይሠራል። ኢንዛይሙ ከ80 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይሞታል። ስለዚህ የሚፈጨው በፈላ ውሃ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፣ ምድጃው ላይ ሲፈላ እንደተቀዳ ከሆነ። ፔርሙስ ውስጥ የቆየ ውሃ አይሆንም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ እንምጣ፤ ጎንደር ውስጥ ቶፉ መሥራት አይቻልም ወደሚለው። አኩሪ አተር ለሀገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከመተከል ፓዌ በኩል ይመረታል፣ የሕፃናት ፋፋ ውስጥም የኖረ ነው። እህል ተራ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ያልተቆላ መሆን አለበት፤ የተቆላ ፍሬ ፕሮቲኑ ወደ ውሃው ስለማይወጣ አይረጋም። ሁለተኛ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን፤ ወደ ቡናማ ያደላው በሞቃት መጋዘን የከረመ ነው፣ ወተቱ ይሳሳል።

ግማሽ ኪሎ ፍሬ ለቅማችሁና አጥባችሁ በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፉ። በታኅሣሥና በጥር ብርድ እስከ 14 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈሉት፦ የውስጡ ገጽ ደልደል ብሎ ቀለሙ አንድ ዓይነት ከሆነ በቅቶታል፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ከጠቆረ ገና ነው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት። 4 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ፍሬውን በስምንት ዙር በብሌንደር ፍጩ፤ በየዙሩ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ሁለት ደቂቃ። የብርጭቆ ብሌንደር ከሆነ ድንገት የፈላ ውሃ ያፈነዳዋልና ቀድማችሁ በለብታ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት፤ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ የክዳኑን መሃል ክፍት አድርጋችሁ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

የተፈጨው በእጥፍ ሻሽ ይጠለል፤ እጅን እንዳያቃጥል ትንሽ በረድ ሲል ተጨምቆ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ሻሹ ላይ የቀረው አሰር አይጣልም፤ ገና ያልበሰለ ስለሆነ ብረት ምጣድ ላይ ሩብ ሰዓት ታምሶ በሽንኩርትና በበርበሬ ሲሠራ ጥሩ ማባያ ነው።

ወተቱን በሰፊ ድስት፣ ከግማሽ ሳያልፍ ጣዱት፤ የድስቱን ቂጥ ሳታቋርጡ አማስሉ፣ ካረረ ሽታው ሁሉንም ይይዘዋል። ገና ሳይፈላ አረፋ ድንገት ይነሣል። ይህ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው፤ ፈላ ብለው ያወርዱታል። እሳቱን ቀንሱ፣ አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ፣ ከመሃሉ እውነተኛ ፍልቅልቅታ ሲጀምር ከዚያ 15 ደቂቃ ቁጠሩ። በደንብ ያልበሰለ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው ሆድ ያውካል፤ እዚህ ደግሞ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ቆላ ላለ ሰው የሚነገረው 10 ደቂቃ ለደጋው አይበቃም።

የሚያረጋው ነገር ሎሚ ነው። ያ ሁሉ አይገኝም የተባለለት፣ ቅዳሜ ገበያ በየመደቡ የሚቸረቸረው ሎሚ። ለግማሽ ኪሎ ፍሬ 100 ሚሊ ሊትር የተጠለለ ጭማቂ፣ እንደ ሎሚው መጠን ከአራት እስከ ስድስት ፍሬ፣ ከ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጋር ይቀላቀል። ሎሚ በተወደደ ጊዜ አቼቶ በተመሳሳይ ልክ ይሠራል። እስያ ውስጥ ቶፉ በካልሲየም ሰልፌት ይረጋል ተብሎ የሚጻፈውን ያነበበ ሰው፣ እባካችሁ፣ ለግድግዳ የሚሸጠውን ጀሶ እንዳይሞክር። መሠረቱ አንድ ቢሆንም ለምግብ የተጣራ አይደለም፣ ምን እንደተደባለቀበትም አይታወቅም።

ወተቱ ከእሳት ወርዶ ወደ 80 ዲግሪ ይብረድ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ መፍላቱን አቁሞ ላዩ ስስ ቆዳ ሲሠራ ነው። የሎሚውን ውሃ ሦስት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያውን አፍስሳችሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ዞር አድርጉ፤ ሁለተኛውን በማንኪያ ጀርባ ላዩ ላይ፤ ሦስተኛውን ከሁለት ደቂቃ በኋላ፤ ከዚያ ከድናችሁ 15 ደቂቃ አትንኩት። አይብ ያወጣ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፦ እርጎው ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ አጓቱ ወደ ቢጫነት ያደላ ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል። አጓቱ ወተት ከመሰለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩ። ድብልቁ ሲፈላ ሎሚ ከገባበት እርጎው ደርቆ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ በጣም ከበረደ አይሰበሰብም፤ ብዙ ከተማሰለ ይደቅና በሻሹ ቀዳዳ ያልፋል።

እርጎውን በጭልፋ እያነሣችሁ ሻሽ በተነጠፈበት ወንፊት አስቀምጡ፣ ሻሹን አጥፉበት፣ 2 ኪሎ ጫኑበት። 20 ደቂቃ መካከለኛ፣ 40 ደቂቃ ለጥብስ የሚሆን ጠንካራ ያደርገዋል። ወደ 700 ግራም ገደማ ይወጣዋል። የሎሚው ኮምጣጣነት እንዲለቅ ለአንድ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀረችው ትንሽ ኮምጣጣነት ከአዋዜ ጋር ትስማማለች። የማይበላው ፍሪጅ ውስጥ ውሃ ውስጥ ሰምጦ፣ ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ገጹ ካሙለጨለጨ ወይም ውሃው ደፍርሶ ከጎመዘዘ ይደፋ።